በደካማው ጎን ወደ ኋላ መንሸራተት፦ ችግሩ ከየት ይጀምራል? እንዴትስ ይለመዳል?

ቢግ ኤር በሚባለው የስኪ ዝላይ ውድድር እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሦስት ጊዜ ይዘላል፤ የሚደመርለት የሁለቱ የተሻሉ ዝላዮች ነጥብ ነው። ደንቡ አንድ ጥብቅ ነገር ይጨምራል፦ ሁለቱ ዝላዮች በተለያየ አቅጣጫ የተሽከረከሩ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ወደ ግራ ከሆነ ሌላው ወደ ቀኝ። ይህ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2022 ቤይጂንግ ላይ ነው። ለቻይና የተወዳደረችው አይሊን ጉ በመጨረሻ ዝላይዋ ወደ ግራ አራት ዙር ተኩል ተሽከርክራ ወርቁን ወሰደች። ያንን ዝላይ ከዚያ በፊት በውድድር ላይ ሞክራው አታውቅም ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያቺ ግማሽ ዙር ናት። ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ የተነሳ ሰው ሙሉ ዙሮች ላይ ግማሽ ሲጨምር ጀርባውን ወደ ቁልቁለቱ ሰጥቶ ያርፋል። መሬት ሲነካም በፍጥነት ወደ ኋላ እየሄደ ነው። ወደ አንዱ ጎን ብቻ መሽከርከር የሚያውቅ ሰው ወደ ኋላ ሲሄድም የሚተማመነው በአንዱ ጎኑ ነው። በሌላኛው ሲሞክር አንገቱ ይደርቃል፣ እግሩ ይቆለፋል፣ ስኪው የማያዝዙትን ያደርጋል። ይህ የሚሆነው በሻምፒዮናዎች ላይ ብቻ አይደለም። በየመናፈሻው በረዶ ላይ የሚማሩ ልጆችም ጎልማሶችም እዚሁ ቦታ ላይ ይቆማሉ፤ ብዙዎቹም "ይህ ጎኔ አይሆንም" ብለው ይተዉታል። መተው የለባቸውም፤ ምክንያቱ ከታወቀ መፍትሔው ቅርብ ነውና።

ወደ ኋላ መንሸራተት ሲባል የትኛው ስኪ ነው?

ስኪ ብዙ ዓይነት ነው። ኢትዮጵያን በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ የተወዳደረው በአገር አቋራጭ ስኪ ነበር። በዚያ ስፖርት ተረከዝ ነጻ ነው፤ ሜዳውንም ዳገቱንም በራስ ጉልበት ነው የሚሄዱት። እዚህ የምናወራው ተረከዝም ጣትም ከስኪው ጋር ተቆልፈው ከተራራ ስለሚወረድበት ስኪ ነው።

በዚህ ስኪ ወደ ኋላ መሄድ "ስዊች" ይባላል። ዱሮ ያስቸግር የነበረው በመሣሪያው ምክንያት ነው፤ የስኪው የፊት ጫፍ ወደ ላይ የታጠፈ፣ የኋላው ጠፍጣፋ ስለነበር ወደ ኋላ ሲሄዱ ጅራቱ በረዶው ውስጥ ይሰካል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማይክ ዳግላስ የተባለ የስኪ ስፖርተኛና ጓደኞቹ የሆኑ ካናዳውያን ሁለቱም ጫፎቹ የታጠፉ ስኪ እንዲሠራላቸው አምራቾችን ወተወቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ሳሎሞን የተባለው ኩባንያ "ቴን ኤይቲ" የተሰኘውን ስኪ ገበያ ላይ አወጣ። ስሙ 1080 ዲግሪን፣ ማለትም ሦስት ሙሉ ዙርን ያመለክታል። ከዚያ ወዲህ "ትዊን ቲፕ" የሚባሉት ባለሁለት ጫፍ ስኪዎች ተስፋፍተዋል፤ ለዚህ ልምምድም የሚያስፈልጉት እነሱ ናቸው።

"ደካማ ጎን" የቱ ነው?

ወደ ኋላ የሚንሸራተት ሰው ፊቱ ወደ ተራራው አናት፣ ጀርባው ወደ ታች ነው። የሚሄድበትን ለማየት በአንዱ ትከሻው ላይ አሻግሮ መመልከት አለበት። ሳያስብበት የሚመለከትበት ትከሻ ጠንካራ ጎኑ ነው፤ ሌላው ደካማው።

በግራ ትከሻው በኩል ማየት የለመደን ሰው እንውሰድ። ወደ ግራ እጁ በኩል ሲታጠፍ የሚሄድበትን መንገድ ያያል፤ ስለዚህ ኩርባው ለስላሳ ይሆናል። ወደ ቀኝ እጁ በኩል ሲታጠፍ ግን መንገዱ ከእይታው ውጭ ነው። ስለዚህ ወይ ኩርባውን ሳይጨርስ ይተወዋል፣ ወይ ጎን ለጎን ተንሸራቶ ይቆማል፣ ወይም ሳያስበው ተሽከርክሮ ፊቱን ወደ ታች ያዞራል። ከሩቅ ለሚያየው የግራና የቀኝ እግሩ ጥንካሬ የተለያየ ይመስላል። እኔ ግን ብዙዎች ጊዜያቸውን የሚያባክኑት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ እግራቸውን ያጠነክራሉ፣ ችግሩ ግን ከእግር በፊት፣ ከአንገትና ከዓይን ነው የሚጀምረው።

አንገት ከስኪ ጋር ምን አገናኘው?

የጤናማ አዋቂ ሰው አንገት ወደ እያንዳንዱ ጎን ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። የዚህ ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከራስ ቅል ሥር ካሉት የመጀመሪያና ሁለተኛ የአንገት አጥንቶች መገጣጠሚያ ነው። በቀጥታ ወደ ኋላ ለማየት ግን 180 ዲግሪ ያስፈልጋል። የጎደለውን የሚሞሉት የዓይን ዳር እይታ፣ የላይኛው ጀርባና ትከሻ ናቸው። የበረዶ መነጽር የዓይን ዳር እይታን ያጠባል፤ የጃኬት ኮሌታና የራስ ቁር አንገትን ይይዛሉ። በዚህ ላይ በአንዱ በኩል አንገቱ ትንሽ የሚደርቅበት ሰው፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ በአንድ ጎን ቦርሳ የሚሸከም ወይም የቆየ ጉዳት ያለበት፣ ልዩነቱ በረዶ ላይ ጎልቶ ይታይበታል።

መኪና ወደ ኋላ የሚነዳን ሰው አስቡት። መሪው በግራ ስለሆነ ሁልጊዜ በቀኝ ትከሻው በኩል ዞሮ ነው የሚያየው። "ዛሬ በግራህ ብቻ እያየህ ንዳ" ቢሉት መኪናው ያው መኪና፣ መንገዱም ያው መንገድ ሆኖ እጁ ያመነታል። እስከዚህ ድረስ ስኪም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፦ ሾፌሩ ወገቡ እስኪጣመም ቢዞር ጎማዎቹ አይዞሩም። በስኪ ግን ወገባችን ከመሪው ጋር የተያያዘ ነው።

በቀኝ ትከሻው በኩል ለማየት አንገቱ ያልበቃው ሰው ትከሻውን ያዞራል። ትከሻው ወገቡን፣ ወገቡ እግሩን ይጎትታል፤ ስኪውም አብሮ ይዞራል። ሰውነት በሙሉ ወደ ቀኝ ሲዞር የስኪው ፊት ወደ ቀኝ፣ ጅራቱ ግን ወደ ግራ ይሄዳል። ወደ ኋላ የሚሄድ ስኪ የሚጓዘው ደግሞ ጅራቱ ወዳመለከተበት ነው። ስለዚህ ይህ ሰው ቀኙን እያየ ወደ ግራ ይሄዳል! ያሁኑኑ ቤት ውስጥ ቆመው መፈተሽ ይችላሉ፦ እግርዎን ጨምረው መላ ሰውነትዎን ትንሽ ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ተረከዝዎ ወዴት እንዳመለከተ ይመልከቱ።

"ወደማየው አቅጣጫ አልሄድልኝ አለ" የሚለው የብዙ ተማሪዎች ቅሬታ መነሻው ይኸው ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ችሎታ ከወገብ በላይና ከወገብ በታች ያለውን መለየት ነው። ወገብና ጉልበት ወደ ስኪው ፊት እንዳዩ ይቀራሉ፤ አንገትና የላይኛው ጀርባ ብቻ ይዞራሉ። ጠንካራው ጎን ይህን መለየት ቀድሞ ተምሮታል። ደካማው ገና አልተማረም።

ለምን አንዱ ጎን ብቻ ይጠነክራል?

ከፊት ወደ ኋላ የምንዞርበት አቅጣጫ ትከሻውን ይመርጥልናል። ፊትዎን ወደ ቁልቁለቱ አድርገው እየሄዱ ግማሽ ዙር ወደ ግራ ቢዞሩና ዓይንዎን ከቁልቁለቱ ባያነሱ፣ ዞረው ሲጨርሱ የሚያዩት በቀኝ ትከሻዎ በኩል ነው። ወደ ቀኝ ከዞሩ ደግሞ በግራ ትከሻዎ። ስለዚህ ገና ሲጀምር "ወደ ቀኝ መዞር ይቀለኛል" ያለ ልጅ በዞረ ቁጥር የግራ ትከሻውን ነው የሚያሠለጥነው። ዓመት ካለፈ በኋላ ልዩነቱ የተፈጥሮ ይመስላል።

የሚመርጡት አቅጣጫ መኖሩ ራሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ፊገር ስኬቲንግ በሚባለው የበረዶ ላይ ጭፈራ ስፖርተኞች ዘንድ አብዛኞቹ የሚዘሉት ወደ ግራ እየተሽከረከሩ ነው። የፍሪስታይል ስኪ (የዝላይና የሽክርክሪት ስኪ) ዳኞች ግን ሁለገብ ሰው ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. ከ2014ቱ የሶቺ ጨዋታ ጀምሮ በኦሎምፒክ ባለው ስሎፕስታይል፣ ማለትም መሰናክሎችና መዝለያዎች በተደረደሩበት ቁልቁለት በሚካሄደው ውድድር፣ ተወዳዳሪዎች በአራት መንገድ ለመሽከርከር ይሞክራሉ፦ ፊት ለፊት ተነስቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ጀርባ ሰጥቶ ተነስቶም ወደ ግራና ወደ ቀኝ። አንዱ ትከሻ የተዘጋበት ሰው ከአራቱ ውስጥ አንዳንዶቹ ይዘጉበታል።

ጠንካራው ጎን ደካማውን ያስተምረዋል?

በከፊል አዎ። እ.ኤ.አ. በ1894 በዬል ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ስክሪፕቸርና ባልደረቦቹ በአንድ እጅ ብቻ የተደረገ ልምምድ ያልተለማመደውንም እጅ እንደሚያሻሽል አሳይተው ነበር። ነርቭና አንጎል የተማሩት ነገር ከፊሉ ለሁለቱም ጎን ይሆናል። ስለዚህ በደካማው ጎን ሲጀምሩ ከዜሮ አይጀምሩም፤ ሚዛን መጠበቁን፣ የበረዶውን ስሜትና ፍጥነት መቆጣጠሩን ያውቁታል። ያልተሻገረው የአንገቱ ልምድና "ወዴት ልይ" የሚለው ቅጽበታዊ ውሳኔ ነው። መሥራት ያለብዎ በእነሱ ላይ ነው።

ወደ ኋላ ስሄድ የማላየው ማንን ነው?

ይህን ጥያቄ ቸል ማለት ሰው ይጎዳል። በበረዶ መናፈሻዎች ሁሉ የታወቀው ሕግ ከፊትና ከታች ያለ ሰው ቅድሚያ አለው የሚል ነው፤ ከላይ የሚመጣው መጠንቀቅ አለበት። የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ በብዛት በሚኖርባቸው በዴንቨርና በኦሮራ፣ ቅዳሜና እሁድ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ተራራ የሚወጡ ወላጆች ይህን ከጨዋነት ደንብ በላይ አድርገው ይያዙት፤ በኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው የስኪ ደህንነት ሕግ ቁልቁል የሚወርደው ሰው ከበታቹ ካለ ሰው ጋር ያለመጋጨት ቀዳሚ ግዴታ አለበት።

ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ነገሩ ይገለበጥበታል። በቀላሉ የሚያያቸው ከላይ የሚመጡትን ነው፤ እነሱ ደግሞ ራሳቸው ሊጠነቀቁለት የሚገባቸው ናቸው። የማያያቸው ከታች ያሉትን ነው፤ ለእነሱ መጠንቀቅ ያለበት እሱ ነው። በደካማው ጎን የሚለማመድ ሰው ደግሞ የሚያየው ከዚህም ያነሰ ነው። ስለዚህ ልምምዱ የሚካሄደው ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ሰፊና ቀላል ቁልቁለት ላይ ነው፤ በአሜሪካ በአረንጓዴ ክብ ምልክት የሚታወቀው ማለት ነው። ከታች ቆሞ መንገዱን የሚያይልዎ ሰው ቢኖር በጣም ጥሩ ነው። ከመነሳትዎ በፊት ፊትዎን ወደ ታች አዙረው እስከ መቆሚያዎ ድረስ ያለውን ይመልከቱና ያን ርቀት ብቻ ይሂዱ። ሕፃናት በሚማሩበት ስፍራ ወደ ኋላ አይሂዱ።

ታዲያ እንዴት ይለመዳል?

ከቤት ይጀመራል። ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ መቀመጥ ወገብን ስለሚይዝ አንገትና የላይኛው ጀርባ ብቻቸውን ይሠራሉ። በሁለቱም ትከሻ በኩል ቀስ ብለው ዞረው ከኋላዎ ካለው ግድግዳ የትኛውን ነገር ማየት እንደቻሉ ያስተውሉ። በደካማው በኩል የሚያዩት ካነሰ ልዩነቱን አገኙት። በየቀኑ ጥቂት ጊዜ፣ ሳያስገድዱ፣ ትንፋሽ እያወጡ ማዞር ነው። ሕመም ካለው፣ ወይም እጅዎን የሚያደነዝዝዎ ከሆነ ያቁሙና ሐኪም ያማክሩ።

በረዶ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ ሜዳ ላይ ይሁኑ። በዘንጎቹ ራስዎን ወደ ኋላ እየገፉ በደካማው ትከሻ በኩል ብቻ ይመልከቱ። የሚፈትሹት አንድ ነገር ነው፦ ስኪዎቹ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ ወይስ እየተጣመሙ? ከተጣመሙ ወገብዎ ተከትሎ ዞሯል ማለት ነው። እምብርትዎ ወደ ስኪው ጫፎች ማየቱን ይቀጥል።

ቀጥሎ ቀላሉ ቁልቁለት ላይ የፍሬን ቅርጹ ይመጣል። ፊት ለፊት ሲወርዱ የስኪዎቹ ጫፎች ተቀራርበው ጅራቶቹ ይራራቃሉ፤ ወደ ኋላ ሲሆን ይገለበጣል፤ ጫፎቹ ይራራቃሉ፣ ጅራቶቹ ይቀራረባሉ። በሁለቱም በኩል የሚይዘው የውስጠኛው ጠርዝ፣ ማለትም በአውራ ጣት በኩል ያለው የስኪው ብረት ነው። ጅራቶቹ እንዳይነባበሩ በመካከላቸው ትንሽ ቦታ ይተዉ። በዚህ ቅርጽ፣ በደካማው ትከሻ በኩል እያዩ፣ በፈለጉት ቦታ መቆም እስኪችሉ ድረስ ወደ ሌላ ነገር አይለፉ። ፍርሃት አንገትን ያደርቃል፤ መቆም እንደሚችል ያወቀ ሰው ግን አንገቱ ይላላለታል።

አቋቋምዎ ከወትሮው ትንሽ ሰፋ ያለ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የታጠፉበት ይሁን። ቅልጥምዎ የቡቱን ምላስ በስሱ ይንካ፤ ክብደትዎ እግርዎ መሃል ላይ ይረፍ። ከወገብ ጎንበስ ማለትም ጅራቶቹ ላይ መቀመጥም ስኪውን ከቁጥጥር ያወጡታል።

ከዚያ አንድ ኩርባ ብቻ። ደካማው ጎንዎ ቀኝ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ዓይን ወደ ቀኝ ትከሻ፣ ኩርባው የሚያልቅበት ቦታ ላይ። ሁለተኛ፣ ክብደት ወደ ግራ እግር፤ የኩርባው ውጫዊ እግር እሱ ስለሆነ በአውራ ጣቱ በኩል ያለውን ጠርዝ በቀስታ ይጫኑ። ሦስተኛ፣ መጠበቅ። ብዙ ስኪዎች ጅራታቸው ከፊታቸው ጠበብ ያለ በመሆኑ ወደ ኋላ ሲሄዱ ኩርባውን የሚጀምሩት ዘግይተው ነው። ያልታገሠ ሰው ትከሻውን ወርውሮ ሊያግዘው ይሞክራል፤ ያን ጊዜ ወገቡ ይከተልና ከላይ ያየነው ችግር ይመለሳል። ከሦስቱ ለደካማ ጎን ከባዱ ይህ መጠበቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ኩርባው አልቆ ሲቆሙ ፊትዎን አዙረው ታችኛውን መንገድ ያጣሩ፣ ቀጥሎም ያንኑ ኩርባ ይድገሙት።

ነጠላው ሲገራ ኩርባዎቹ ይያያዛሉ። በአንድ ኩርባ ማብቂያ ላይ ከቁልቁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ፣ የቀጣዩ ኩርባ የውስጥ ትከሻ ሁልጊዜ በቁልቁለቱ በኩል ያለው ትከሻ ነው። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ ከእያንዳንዱ ኩርባ በፊት ራስዎን ወደ ቁልቁለቱ ትከሻ ያዙሩ። ራስ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲሻገር ለቅጽበት ታችኛውን መንገድ አያዩም፤ ስለዚህ ሽግግሩ ፈጣን፣ የስኪው ፍጥነት ደግሞ ዝግ ያለ መሆን አለበት። አንዳንዱ ይህን ሸሽቶ ቁልቁለቱን በሙሉ በአንድ ትከሻ ብቻ እያየ ይወርዳል። ይቻላል፤ ደካማውን ጎን ለዘላለም ደካማ አድርጎ የሚያስቀረውም ይኸው ልማድ ነው።

ግማሽ ዙሮቹ የመጨረሻ ናቸው። በደካማው ትከሻ በኩል ማየት ከተለመደ በኋላ፣ ስኪው ከበረዶው ሳይነሳ፣ በዝግታ ወደ ማይመርጡት አቅጣጫ እየዞሩ ከፊት ወደ ኋላ ይግቡ። ዝላይ የሚመጣው ከዚህም በኋላ ነው።

ልምምዱን በቀኑ ውስጥ የት ላስገባው?

ጠዋት፣ እግር ሳይደክም፣ ከጠንካራው ጎን በፊት። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ቀኑን ሙሉ በለመደው ጎን ተንሸራቶ ሲደክም ደካማውን ይሞክርና ድካሙን ከአለመቻል ጋር ያምታታዋል። አጭር አጭር እያደረጉ በየዕለቱ መመለስ፣ አንድ ቀን ሙሉ ከመታገል ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ሺና ሮቢን ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናትም እዚህ ይጠቅማል። ተመሳሳይ እንቅስቃሴን እየደጋገሙ የተለማመዱ ሰዎች በልምምዱ ሰዓት የተሻሉ መስለው ታዩ፤ ቆይቶ ሲፈተኑ ግን እንቅስቃሴዎቹን እየቀላቀሉ የተለማመዱት በለጧቸው። ለእኛ ጉዳይ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ደካማው ኩርባ ለብቻው እስኪገራ ድረስ ለብቻው ይደጋገም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ እያሉ ቅደም ተከተሉን መለዋወጥ ነው። መጀመሪያ ላይ የከፋ ይመስላል፤ ስሕተቱ ሲበዛ ተስፋ አይቁረጡ።

ተመቸኝ የምለው መቼ ነው?

ሳይዘጋጁበት በደካማው ጎን መጀመር ሲችሉ፣ ከታች ያለው ጓደኛዎ "ቁም" ሲልዎ በሁለት ሦስት ሜትር ውስጥ መቆም ሲችሉ፣ ኩርባውን ሳያቋርጡ የሚነግርዎትን ሰምተው መመለስ ሲችሉ ነው። ሦስቱም በአረንጓዴው ቁልቁለት ላይ ከተሳኩ ቀጥሎ ወዳለው ከበድ ያለ ቁልቁለት፣ በሰማያዊ ምልክት ወደሚታወቀው ይሂዱ፤ እዚያ ሲደርሱም መጀመሪያ የፍሬኑን ቅርጽ በደካማው ትከሻ በኩል እያዩ ይፈትሹት።